ከሐይቅ ሰበታ ስንት ይርቃል

የዙፋን ቀሚስ ጠርዝ በነፋሱ አልተንቀሳቀሰም። ከሐይቁ የሚነሣው የጠዋት ነፋስ የሁላችንንም ልብስ ያርገበግብ ነበር። እትዬ ሐዋ ሻሻቸው እንዳይወሰድ በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ የባለቤቴ የይመር ሸሚዝ ከጀርባው ተነፍቷል። የልጄ ቀሚስ ግን ቀጥ ብሎ ወርዶ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ረግቷል። አየሁት። ጥሩ ጨርቅ ነው ብዬ አለፍኩት። ነገሩ ተመልሶ የታወሰኝ የመስታወቱ በር ከኋላችን ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያ በር ደግሞ ለተጓዥ ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው።

ከሐይቅ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሰበታ ማረፊያ በአየር ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። በከተማችን ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ርቀቱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ጊዜው ነው። በማረፊያው ሚዛን ላይ ክብደቱ ከመስመሩ በታች ለሆነ ሰው ሰበታ አርባ ደቂቃ ናት፤ ጠዋት ተሸኝቶ ምሳውን እዚያ ይበላል። ከመስመሩ በላይ የሆነ ሰው አውሮፕላኑ የተረፈ ጉልበት እስኪኖረው ይጠብቃል። የሚጠብቀው ተኝቶ ነው። ስንት እንደሚጠብቅ ሚዛኑ ራሱ ያሰላል። የበግ ነጋዴው ጋሽ መንገሻ አራት ዓመት ወጣላቸው፤ ሲነቁ ሚስታቸው ሌላ አግብታ፣ እሱንም አስከትላ ልትቀበላቸው መጣች። አንዲት የታች ሰፈር ሴት ደግሞ ማርገዟን ሳታውቅ ሚዛን ላይ ወጣች። እሷ ገና አልነቃችም። ልጁም አልተወለደም።

እናቴ በልጅነቷ ይህንኑ መንገድ በአውቶቡስ ሄዳዋለች። ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀብን እያለች እስክትሞት ታማርር ነበር። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ከአውሮፕላኑ በቀር ከሐይቅ መውጫ የለም።

ዙፋን የጥርስ ሕክምና ልትማር ሰበታ ተመረጠች። ከሰፈራችን የተመረጠ ሰው ከዚያ በፊት አላውቅም። ይመር ደስ ብሎት ሦስት ቀን ሲያፏጭ ሰነበተ። እኔ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ነኝ፤ በዚያው ምሽት ሚዛናችንን ከበሩ አጠገብ ወደ መብራቱ አስጠግቼ ጠረግሁት። በየቤቱ በር ላይ ሚዛን አለ፤ የኛ ግን ከዚያ ወዲያ አላረፈም። ጠዋት ስትነሣ፣ ከሰዓት ከመጸዳጃ ስትመለስ፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት ትወጣበታለች። ጠጉሯን በምላጭ ላጨኋት። ቅንድቧን ልላጭ ስል እጄን ይዛ፣ «እማዬ፣ ቅንድብ እንኳን ይኑረኝ፤ እዚያ ወንዶችም አሉ» አለችኝ። ተውኩላት። የመጨረሻውን ሳምንት በቆሎ ቆሎ እየቆረጠመች ሰነበተች፤ ውሃ በማንኪያ ነበር የምሰጣት። ለጥየቃ የሚመጡ ሴቶች፣ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይቀልልሻል» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም ትስቅና እውነት ታለቅሳለች።

ዕቃ ያለ ተጓዥ ስም አይበርም፤ ክብደቱም በተጓዡ ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ ተጓዥ ያለበት ቤት ደጁ ከሰው አይላቀቅም። በመሐረብ ጫፍ በርበሬ ቋጥረው መጡ። አንዷ የሟች ባሏን ቀለበት፣ ሌላዋ የልጅ ፎቶግራፍ፣ ሌላዋ ከደብር የመጣ የእምነት አፈር በወረቀት ጠቅልለው መጡ። አደራ አይመለስም የሚለው ባህል ከመንገዱ ጋር አብሮ አልተዘጋም። እኔ ግን ሁሉንም መለስኩ። አንዷ ፊት ለፊቴ፣ «ትርንጎ፣ አንቺ እኮ ሙት ቢለምንሽ ከፈን አትሰጪም» አለችኝ። ትበል።

አንዳች ያልጠየቁኝ እትዬ ሐዋ ብቻ ናቸው። ልጃቸው ሰይድ ሰበታ ከሄደ ቆይቷል፤ ደረቱን ያመዋል ይባላል። ግድግዳችን አንድ ነው። ዙፋንን ስወልድ የተቀበሏት፣ እትብቷን የቆረጧት እሳቸው ናቸው። የመንገድ ቀሚሷንም እጅ ላይ የማይከብድ ስስ ጨርቅ ፈልገው ሰፉላት። ቀሚሱን መዝኜዋለሁ። ኋላ፣ በዋዜማው፣ «ጠርዙ ተተርትሯል፤ እስቲ ላጥፍላት» ብለው ወሰዱት። ጠዋት ልንወጣ ስንል አምጥተው በገዛ እጃቸው አለበሷት። እንደገና አልመዘንኩትም። እትብት የቆረጠ እጅ ይመዘናል?

በማረፊያው ደጅ ሸኚና ተጓዥ አይተቃቀፍም፤ ላብ ይጋባል ተብሎ ተከልክሏል። አዛውንቶች ሲመርቁ እንትፍ የሚሉት ወደ ጎን ዞረው ነው።

«ሰይድን ሰላም በይልኝ» አሏት እትዬ ሐዋ ከሩቅ። «ደረትህን እንዴት ነህ በይልኝ።»

«እሺ እማማ። ወፍሯል ወይስ ከስቷል ብዬ ልመዝነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነፋሱ ነፈሰ። ቀሚሷ አልተንቀሳቀሰም።

ከተጓዥ ጋር አንድ ሰው እስከ ሚዛኑ ይገባል። እኔ ገባሁ። ባለሚዛኗ ሴት ዕድሜዋ ከዙፋን ብዙ አይርቅም፤ ጥፍሯን ቀለም ተቀብታለች። ስም ጠየቀች፣ አገጯን ወደ ሚዛኑ ቀስራ «ውጪ» አለቻት። ልጄ ወጣች። ትንፋሿን ወደ ውጭ አስወጥታ ያዘች፤ እንዲህ እንድታደርግ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

የማረፊያው ሚዛን ኪሎ አይናገርም። ግድግዳው ላይ ጻፈ።

ሐይቅ – ሰበታ። ርቀት፦ 288 ኪሎ ሜትር። የጉዞ ጊዜ፦ 31

ከቁጥሩ ጎን ያለውን ቃል ሳላነብ ደስ አለኝ። ከአርባም ወረደላት አልኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ከዚያ አነበብኩት። «ዓመት» ይላል።

«ሚዛኑ ተሳስቷል» አልኩ።

«አይሳሳትም፣ እናት» አለች ባለሚዛኗ። «ቢሳሳትም መዝግቦታል።»

«ጠዋት ቤት መዝኛታለሁ። ራቁቷን መዝኛታለሁ፣ ከመስመሩ በታች ነች፣ ቀሚሱም...» አልኩ። ነፋሱ ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን ያዝኩት። በጣቶቼ መካከል እንደ አሸዋ ተንሸራተተ።

ዙፋን ወደ ታች አየች። «ከጠዋት ጀምሮ እግሬን መታ መታ ሲያደርገኝ፣ የራሴ ድካም መስሎኝ ነበር» አለች።

ባለሚዛኗ መቀስ አወጣች። ይህ አዲስ ነገር አልነበረም ለእሷ፤ ሳህኑንም አስቀድማ ከታች አስቀምጣለች። የጠርዙን እጥፋት ዙሪያውን ተረተረችው። ጥቁር ፍሬ እየተንኳኳ ወረደ። ሽታው ሳይነግሩኝ ነገረኝ፤ ጥቁር አዝሙድ። ከመጨረሻው ላይ በቀይ ክር «ሰይድ አሊ» ተብሎ የተጠለፈበት ቁራጭ ጨርቅ ወጣ።

«ይኸው ወጣ» አልኳት። «አሁን መዝኛት።»

«ሰው አንዴ ነው የሚመዘነው።»

«የኛ አይደለም እኮ። አላወቀችም።»

«እናት፣ እዚህ አውቄ ተሸከምኩ ያለ ሰው የለም።» ፍሬውን በከረጢት ስታደርግ አንዲት እንኳ እንዳትወድቅ ትጠነቀቅ ነበር። «እንደገና ይመዘን ካልን ሰው ሁሉ እዚሁ እየተላጨ ሲወጣና ሲወርድ ሊውል ነው። እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ በሉልኝ፤ ሌላ ተጓዥ አለ።»

«እሺ ትቅር። አትሄድም። ወደ ቤቷ ልመልሳት።»

«ስሟ ከከተማው መዝገብ ወጥቷል። ውሃዋም ራሽኗም ሰበታ ዞሯል። የተመዘነ ተጓዥ ነው፤ ተጓዥ አይመለስም፣ ይደርሳል።»

«መቼ?»

ባለሚዛኗ ግድግዳውን አሳየችኝ። ከዚያ ከረጢቱን አሸገች፣ የልጄን ስም ለጠፈችበት፣ ከኋላዋ ባለው መስኮት አቀበለች።

«እሱ የት ይሄዳል?» አልኩ።

«ዕቃ ነው። ዕቃ ዛሬ ይሄዳል።»

አርባ ዓመት ካለፈኝ ስድስት ዓመቴ ነው። ደምሬው ነበር፣ ሳልፈልግ። ዙፋን ስትነቃ አሁንም የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ትሆናለች። እኔ ሰባ ሰባት። በከተማችን ሰባ የሞላት ሴት ካየሁ ቆየሁ።

የሚተኙበት አዳራሽ ከሚዛኑ ክፍል ቀጥሎ ነው። ሩቅ አገር ይመስለኝ ነበር፤ ጣራው ከቤታችን ደጅ የሚታየው ያው ሰማያዊ ጣራ ነው። ውስጡ እንደ ዳቦ ቤት ነው፣ መደርደሪያ በመደርደሪያ ላይ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ለዙፋን ከታች ሁለተኛውን ሰጧት። ጥሩ ነው፣ ከላይ አትወድቅም ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነው ጭንቅላቴ የሚሠራው።

አንድ ነጭ የለበሰ ሰውዬ መርፌውን እያዘጋጀ፣ «ተሰናበቱ» አለን።

«እማዬ» አለች። «አንቺ አታካብጂው እንጂ፣ ለእኔ እኮ አንድ እንቅልፍ ነው።»

«አዎ።»

«ስነቃ ትኖሪያለሽ?»

«እኖራለሁ።»

አየችኝ። ጠጉር የሌለው ራሷ ትንሽ ነበር፣ የሕፃን።

«ሰባ ሰባት ይሆንሻል እኮ።»

«ሰባ ሰባት ምን አላት። ምርኩዜን ይዤ ሰበታ ድረስ እመጣለሁ።»

«አንቺ? ዝናብ ሲያካፋ ጎርፍ ወሰደሽ የምትይኝ?»

«ምንም አትሆኚም አልኩሽ።»

ፊቷ የተለወጠው ያን ጊዜ ነው። ከሚዛኑ ስትወርድ እንኳ እንዲህ አልሆነችም። ከንፈሯ ነጣ።

«አንቺ ምንም አትሆኚም ካልሽኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «አልቆልኛል ማለት ነው።»

በልጅነቷ ትኩሳት በያዛት ቁጥር ትሞታለች ብዬ ስጮህ እየሳቀች ትድን ነበር። ያን ዕለት ትሞቻለሽ ብዬ ብጮህላት ኖሮ እየሳቀች ትተኛ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ሰውየው መርፌውን ወጋት።

«እማዬ ቆይ፣ ቆይ በይው» አለች።

እጇን ያዝኩ። ሰውየው፣ «እናት፣ እጁን ይልቀቁት፤ ያሞቁታል» አለኝ። አልለቀቅኩም። ራሱ መጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው፤ አልገፋኝም፣ አልተቆጣም። ዓይኗን የጨፈነችው እሷ አይደለችም፤ በአውራ ጣቱ የከደናት እሱ ነው። ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ኪሎ ሜትሩንና ዓመቱን የያዘች ትንሽ ሰሌዳ አንጠለጠለ። ተጓዥ እንደማይጠየቅ ነገረኝና በጎን በር አስወጣኝ።

ስወጣ አውሮፕላኑ እየተነሣ ነበር። ሸኚው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል። እትዬ ሐዋ እልል አሉ፤ ሌሎቹ ተቀበሏቸው። ይመር ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ያውለበልባል፣ አንድ ሰው ከመስኮቱ የሚያየው ይመስል።

«ገባች?» አለኝ።

«ገባች» አልኩት።

እትዬ ሐዋ አቀፉኝ። ሸኚ ከሸኚ ጋር መተቃቀፍ አልተከለከለም። «እንኳን ደስ ያለሽ። አርባ ደቂቃ ማለት እኮ ሽሮ አይፈላም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ይመር በየመንገዱ ይገምታል። አሁን ከሚሴን አለፈች፣ አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ትሆናለች፣ አሁን ሊያወርዷት ነው ይላል። እኔ ወደ ኋላዬ ዞሬ ሰማያዊውን ጣራ አየሁት። በራችን ላይ ስንደርስ እትዬ ሐዋ ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ።

«ትርንጎ፣ እንዳትቆጪኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንዲት ነገር አስይዣታለሁ። ጭብጥ አትሞላም። ሌሊት ሌሊት ያፍነዋል አሉኝ፤ እዚያ ደግሞ አዝሙድ የሚባል የለም። ልጅቷም አላወቀችው፣ አንቺም እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«ይደርሳል» አልኩ።

«አልተቆጣሽኝም?»

«ይደርሳል አልኩዎት እኮ።»

ግንባሬን ሳሙኝ። ልነግራቸው እችል ነበር። ከልጃቸው አፍ እንዲሰሙት ፈለግሁ።

ለይመር በሩን ዘግቼ ነገርኩት።  ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እኔ ስንት እሆናለሁ?» አለና በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ አንዱን እጅ ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ተወው። «ማነው ይህን ያደረገው?» አለ። በአገጬ ግድግዳውን አሳየሁት።

ከሰዓት በኋላ በግድግዳው ወዲያ ስልክ ጠራ። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

«ወየው ሰይዴ! ደረሰህ?» ይላሉ እትዬ ሐዋ። «አልሐምዱሊላህ። በማር አድርገህ ነው የምትውጠው፣ በባዶ ሆድህ... እሷንስ አገኘሃት? ... እንዴት አጣኋት? ጠጉሯን ተላጭታለች እኮ፣ ደህና አድርገህ እይ። ... ከወረዱት መሀል ጠይቅ አልኩህ። ዕቃው በስሟ አይደል የመጣው? ዕቃው ከደረሰ እሷ የት...»

ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልነበረም። ስልኩ ውስጥ ልጃቸው፣ «እማ፣ እማ» ሲል ብቻ ይሰማል። ይመር ጆሮውን በመዳፉ ያዘ። እኔ እስኪቋረጥ ድረስ አዳመጥኩ።

ፀሐይ ከሐይቁ ወዲያ ልትገባ ስትል መጡ። ሽማግሌ አላስከተሉም። ብቻቸውን ናቸው፤ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። በኛ አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳይ «አውርደው» እስኪል አያወርድም። «አውርደው» ያለ ይቅር አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ቶሎ ይለዋል፤ አሮጊትን ደግሞ ከበር እስክትደርስ እንኳ አያስጠብቅም። በዚህ ዘመን ክብደት በዓይኑ የማይገምት ሰው የለም፤ ሳላስበው ገመትኩት። ለእሳቸው አንገት ብዙ ነበር።

«አፉ በይኝ ትርንጎ» አሉ። ወደ መሬት ስለጎበጡ የሚያዩት ጫማዬን ነው።

የጎረቤት በሮች ገርበብ ገርበብ አሉ። ማንም አልወጣም።

«ልጅሽ ልጄ ናት። በዚህ እጄ ነው የተቀበልኳት። ምን ላድርግ? አፍኖ ሊገድልብኝ ነው አሉኝ። አንቺ ብትሆኚስ?»

እኔ ብሆን አደርገው ነበር። በእጥፍ አደርገው ነበር፣ የማንም ልጅ ቀሚስ ቢሆን። ይህን አልነገርኳቸውም። ድንጋዩ አንዴ ወደ ግራ አዘነበለ፤ በክርናቸው መለሱት።

«በያቸው እንጂ» አለ ይመር ከኋላዬ። «ድንጋዩ ሊጥላቸው ነው። ትርንጎ፣ በያቸው።»

«በል አንተ በላቸው።»

«እናቷ አንቺ ነሽ። የኔ አይበቃም።» አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። «ሲጨልም ማን ያነሣቸዋል?»

ሐይቁ ጠቆረ። ማረፊያው መብራቱን ሲያበራ ሰማያዊው ጣራ ከዛፎቹ በላይ ታየ፤ ከደጃችን አንድ ልጅ ሮጦ የሚደርስበት መንገድ ነው። እትዬ ሐዋ ትንፋሻቸው እንደ ልጃቸው ይፏጭ ጀመር።

«እስክትይኝ ድረስ አላወርደውም» አሉ።

«ዙፋን ስትደርስ እልሻለሁ» አልኳቸው፣ ዕድሜዬን ሙሉ እርስዎ ያልኳቸውን ሴት።

ይመር ክንዴን ሊይዝ እጁን ሰደደ። በሩን ገፋሁት፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርኩት።